እግራችሁን ለሌዘር ከመስጠታችሁ በፊት

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ ሆኖም መጥታችኋል፤ በጣም አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ እናቶች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። ሳምንቱን ሙሉ ቆማችሁ ስትሠሩ እንደምትውሉ አውቃለሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሀገሬ ሰው በስልክ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። "እህቴ፣ እግሬ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀይና ሰማያዊ መስመር ወጥቶብኛል፣ ሌዘር ያጠፋዋል?" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ አዎ፣ ያጠፋዋል። ግን የትኛው ሌዘር? ዛሬ የመጣሁት ይህችን "የትኛው" የምትለዋን ቃል ላስይዛችሁ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ነርስ ከመሆኔ በፊት ሆቴል ውስጥ በቀን 10 ሰዓት ቆሜ እሠራ ነበር። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ጭኔ ላይ፣ በውጪ በኩል፣ ቀጫጭን ደም ስሮች ወጡብኝ። ሰመር ሲመጣ አጠር ያለ ቀሚስ መልበስ አማረኝና በቅናሽ ማስታወቂያ ያየሁት ቤት ገባሁ። ቆዳሽ ፀሐይ ሲያገኘው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ በዚያ ሳምንት ባሕር ዳርቻ ውዬ እንደነበር የጠየቀኝም የለም፣ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረን እንየው ያለም የለም፤ አስተኙኝና ከላይ እስከ ታች መቱኝ። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ውሃው ሲደርቅ ጠቆረ። ደም ስሮቹ በሩቅ አይታዩም ነበር፣ ጥቁሩ ነጠብጣብ ግን ከመንገድ ማዶ ይታያል። እስኪደበዝዝ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ሁለት ቦታ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፣ ዛሬም አለ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የቆዳዬ መስሎኝ ነበር። ሙያውን ስማር ነው የቆዳዬ አለመሆኑን ያወቅኩት።

ሌዘር ብርሃን ነው። አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ብርሃን። የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ማይማን እዚህ አሜሪካ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ለቆዳ የምንጠቀምበትን ዘዴ መሠረት ያስያዙት ግን ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የሚባሉ የቦስተን ሐኪሞች ናቸው፤ በ1983 ባወጡት ጽሑፍ የብርሃኑን ቀለምና ብልጭ የሚልበትን ቅጽበት በትክክል ከመረጥን፣ ዙሪያውን ሳንነካ የምንፈልገውን ነገር ብቻ ማሞቅ እንደሚቻል አሳዩ። ደም ስር ላይ የሚፈለገው ነገር ደሙን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢኑ ብርሃኑን ይመጥጣል፣ ይግላል፣ ሙቀቱ የደም ስሩን ግድግዳ ይጎዳዋል፣ ስሩ ይዘጋል። ከዚያ ሰውነት ራሱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ያስወግደዋል። በጣም የሚያምር ሐሳብ ነው፣ ዛሬም ይደንቀኛል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠን ሜላኒንም ብርሃን ይመጥጣል። ሜላኒን ደግሞ ያለው ከላይ ነው፣ ደም ስሩ ከሥር። ለውስጥ ቤት የተላከ ምሳ በር ላይ ባለው ሰው ተበልቶ ሲያልቅ አስቡት። ብርሃኑ ደም ስሩ ጋ ሳይደርስ ላይ ያለው ቆዳ ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። የኔ ጭን ላይ የሆነው ይኸው ነው።

የብርሃኑ ቀለም በናኖሜትር ይለካል። ቁጥር እንደማትወዱ አውቃለሁ፣ ግን እነዚህን ያዙልኝ። 532 አረንጓዴ ነው፤ ሜላኒን በጣም ይወደዋል፣ ስለዚህ ለኛ ቆዳ አስጊ ነው። 595 ቢጫ ነው፤ ነጭ ሰው ፊት ላይ ጥሩ ይሠራል፣ እኛ ላይ ግን ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1064 በዓይን አይታይም። ኤንዲ ያግ ይባላል። ሜላኒን እሱን ብዙም አይመጥጠውም፣ ወደ ውስጥም ጠልቆ ይሄዳል። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ባለሙያዎች የሚመርጡት ይህንን ነው። አደጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ሕመሙ ከሌሎቹ ጠንከር ይላል፤ እጁ ያልሰላ ሰው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከመታበት እሱም ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል።

ሌላ ደግሞ አይፒኤል የሚባል አለ። ብዙዎች "ሌዘር" ብለው ይሸጡታል። ሌዘር አይደለም፣ ብዙ ቀለም የተቀላቀለበት ኃይለኛ ብልጭታ ነው። ጠቆር ላለ ቆዳ አይመከርም። እባካችሁ ስሙን ጠይቁ።

ቆዳችሁን ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ሲመድቡት ትሰሙ ይሆናል። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የሚባል የቆዳ ሐኪም በ1975 ያወጣው ነው። ሲጀመር የነጭ ቆዳን ለመለየት የተሠራ ነበር፤ የቡናማና የጥቁር ቆዳ ደረጃዎች በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ዕቃው ሲሠራም መስፈርቱ ሲወጣም መጀመሪያ የታሰበው የኛ ቆዳ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው። የኛ ሰው አብዛኛው ከ4 እስከ 6 ውስጥ ነው። ደረጃችሁን ሳይጠይቅና ሳያይ መሣሪያ የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ነውር የለውም። ቀጠሮ ይዤ እንዴት እወጣለሁ አትበሉ።

እግርና ፊት ደግሞ አንድ አይደሉም። እግር ላይ ደሙ የሚጓዘው ወደ ላይ ነው፣ ወደ ታች እንዳይመለስ ስሮቹ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ላይ ላዩን ያሉትን ቀጫጭን ስሮች ይለጥጣቸዋል። እርግዝና፣ ዘር፣ ዕድሜ፣ ረጅም መቆም ሁሉም ድርሻ አላቸው። ከ1 ሚሊሜትር የሚቀጥኑት ናቸው የሸረሪት ድር የምንላቸው። 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሆነው ያበጡት ቫሪኮስ ናቸው፣ እነሱን ከላይ በሌዘር መምታት አያጠፋቸውም። እግራችሁ ማታ ማታ ከከበደ፣ ካበጠ፣ ቁርጭምጭሚታችሁ አካባቢ ቆዳው ከጠቆረ ስለ ውበት ከማሰባችሁ በፊት የደም ስር አልትራሳውንድ ይታዘዝላችሁ። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመማችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለእግር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ሌዘር አይደለም፣ መርፌ ነው። በጣም ቀጭን መርፌ ነው፣ እንደ ፖሊዶካኖል ያለ መድኃኒት ስሩ ውስጥ ይገባና ግድግዳውን አጣብቆ ይዘጋዋል። ይህ መድኃኒት እዚህ አሜሪካ በ2010 ተፈቅዷል። ሜላኒን መንገድ ላይ ስለማያግደው ለኛ ትልቅ ጥቅም አለው። እሱም ቢሆን ቡናማ ጥላ ሊተው ይችላል፣ አልፎ አልፎም ቁስል ያመጣል፤ በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን። ሌዘር እግር ላይ የሚጠቅመው ስሩ ለመርፌ ሲቀጥን፣ መድኃኒቱ ለማይስማማው ሰው፣ ወይም መርፌ በጣም ለሚፈራ ነው።

ስትታከሙ ምን እንደሚሆን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዓይናችሁ ይሸፈናል፣ ያለ መሸፈኛ እንዳትተኙ። ቆዳው በቅዝቃዜ ይያዛል። ምቱ ላስቲክ ተስቦ ሲለቀቅ እንደሚያደርገው ዓይነት ነው፣ ትኩስ ስሜትም አለው። በአንድ ቀን አያልቅም። ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በመሀሉ የሳምንታት ዕረፍት ይኖረዋል፤ እግር ላይ ውጤቱ እስኪታይ ወራት ይወስዳል። የተዘጋው ስር ጠፋ ማለት ሌላ አዲስ አይወጣም ማለት አይደለም። ከሕክምናው በፊትም በኋላም ቦታውን ፀሐይ አታስነኩት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተዉት፣ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ብዙው ራሱ ይደበዝዛል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኢንሹራንስ ይህን እንደ ውበት ስለሚቆጥረው በአብዛኛው አይከፍልም። ስለዚህ 6 ጊዜ ሙሉ ፓኬጅ ግዙ ሲሏችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞከር፣ ሳምንታት ጠብቁ፣ ቆዳው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ስትደውሉም ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ሌዘሩ ስንት ናኖሜትር ነው? የሚመታው ሰው ማን ነው፣ ሐኪም አለ? እንደኔ ዓይነት ቆዳ ላይ የሠራችሁትን ፎቶ ታሳዩኛላችሁ? ፎቶው ሁሉ የነጭ እግር ብቻ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

አሁን ፊት። ይህን ስናገር ልቤ ይከብደኛል። ነጮች ፊት ላይ ደም ስር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከፀሐይና ፊትን ከሚያቀላ ሮዛሺያ ከሚባል ሕመም ነው። እኛም ሮዛሺያ ይይዘናል። ግን አንዲት ጠይም ሴት ጉንጯ ላይ ቀይ ክር ሲበዛባት መጀመሪያ የምጠይቃት "ምን ትቀቢያለሽ?" ብዬ ነው። መልሱ ለማድያት ወይም ለማቅላት የሚቀባ ነገር ነው። ጓደኛ የሰጠቻት፣ በሻንጣ የመጣ፣ ሐኪም ያላዘዘው። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን አለ። ጠንካራ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ያበራሉ። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ደም ስሩ ይሰፋል፣ ከሥር ይታያል። ያንን እየቀቡ ሌዘር መመታት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ ይባስ ብሎ የሳሳው ቆዳ ለቃጠሎ የተመቸ ነው። ለዓመታት የተቀባችሁ ግን ዛሬ ማታ በራሳችሁ አትወርውሩት፣ ድንገት ሲቆም ፊት ሊቀላና ሊያቃጥል ይችላል፤ ከቆዳ ሐኪም ጋር ሆናችሁ ቀስ በቀስ ትተዉታላችሁ። ይህንን ለሐኪም መናገር አትፈሩ። የሚቆጣችሁ ሐኪም ካለ ሌላ ሐኪም አለ።

የምትቀቡትን ይዛችሁ ኑ ብዬ መልእክት የላኩባችሁ ለዚህ ነው። አሁን ማይኩን ላስቀምጥ። ቱቦዎቹን ከቦርሳችሁ አውጡና እዚህ ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው፣ ስም መጻፍ አያስፈልግም፣ የማን ነው ብሎም የሚጠይቅ የለም። ጀርባቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ የማንበቢያ መነጽሬን ይዣለሁ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን።