ይህን የወሰነው ማን ነው?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፣ የቀን ሥራችሁን ጨርሳችሁ ድካማችሁን ችላ በማለት ስቱዲዮ እየመጣችሁ ዕውቀታችሁን የለገሳችሁን የሕግና የታሪክ ባለሙያዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

አብዛኞቻችሁን የማውቃችሁ በድምፃችሁ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ከታክሲው ውስጥ ይደውላል፤ የመኪናው የመታጠፊያ ምልክት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ሌላዋ ልጅ ታቅፋ ነው የምትደውለው፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጥያቄዋን ታቋርጥና ይቅርታ ትጠይቃለች። ዛሬ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ፊታችሁን ለማየት በመታደሌ ደስታዬ ትልቅ ነው። ልናገር የመጣሁት ግን ከአንድ የስልክ ጥሪ በኋላ ሲከነክነኝ ስለቆየ ጉዳይ ነው።

ጥሪው የመጣው በ2025 ማርች ውስጥ ነበር። ዓመቶቹንና ወሮቹን በዚህ አገር አቆጣጠር ስለምጠራ አደራ አትሳቱ። የደወለችው እህታችን ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ሴት ናት። ታናሽ እህቷ ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ደመወዟ የሚከፈለው ከአሜሪካ በሚመጣ ገንዘብ ነበርና አንድ ጠዋት ውሏ ተቋረጠ። እህታችን ይህን ከተናገረች በኋላ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ይህን የወሰነው ማን ነው? ስሙን ይንገሩኝና ሄጄ አቤት ልበል።»

እኔም ሆንኩ በዚያ ቀን የነበሩት እንግዳዬ የመለስንላት አንድ ስም ነበር፦ ፕሬዚዳንት ትራምፕ። እርሷም «እሳቸውንማ ከየት አገኛቸዋለሁ? ሌላ ሰው የለም?» አለች። ሰዓቱ አለቀና ወደ ዜና ሄድን።

«ሌላ ሰው የለም?» የሚለው ጥያቄ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሌላ ሰው አለና። ስሙን፣ ቢሮውንና የስልክ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ሳልነግራት ቀረሁ።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ ከቤተ መንግሥት አገር ነው የመጣነው። ማረሻ የተነጠቀም፣ ርስቱን የተቀማም፣ ልጁ የታሰረበትም «ጃንሆይ!» እያለ የሚጮኸው ወደ አንድ በር ነበር። ንጉሡ ወርደው ሊቀመንበር ሲመጡ፣ ሊቀመንበሩም ሄደው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲተካ፣ ዓይናችን ከዚያ አንድ በር አልተነሣም። አሜሪካ ስንገባም ያንኑ ዓይን ይዘን ገባን። ዋይት ሐውስን እንደ ታላቁ ቤተ መንግሥት እናየዋለን። በየሳምንቱ ፕሬዚዳንቱ ምን አሉ፣ ማንን ሰደቡ፣ ከማን ጋር ተጨባበጡ እያልን ሁለት ሰዓት እንወያያለን። በዚያው ሳምንት ግን ኮንግረስ ካለበት ከካፒቶል ኮረብታ ሥር ባለ አንድ የኮሚቴ ክፍል ውስጥ የወሎዋን ነርስ ደመወዝ የሚመለከት መስመር ይጨመራል ወይም ይሰረዛል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የአሜሪካ የውጭ እርዳታ የቆመው በ1961 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እርዳታውን የሚያስተዳድረውን ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲን፣ አቋቋሙ። ገንዘቡን በየዓመቱ የሚመድበው ኮንግረስ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የመንግሥትን ካዝና ቁልፍ የሰጠው ለምክር ቤቱ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲታገድ አዘዙ። በፌብሩዋሪ የድርጅቱ ስም ከዋናው መሥሪያ ቤት ሕንፃ ላይ ተነሣ። አገር ቤት የጤና ሚኒስቴር በዚህ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ አምስት ሺህ የጤና ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። በማርች 10 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከፕሮግራሞቹ 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ። ጁላይ 1 ላይ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ፤ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተዛወረ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ሰምተናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን በፕሮግራማችን እንኳ በወጉ አልተነጋገርንበትም።

በዚያው የበጋ ወቅት ዋይት ሐውስ ቀድሞ የተመደበ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲሰረዝ ለኮንግረስ ጥያቄ አቀረበ። ከገንዘቡ አብዛኛው ለውጭ እርዳታ የተያዘ ነበር። ከመካከሉ 400 ሚሊዮን ዶላሩ የፔፕፋር ነበር። ፔፕፋር ማለት በ2003 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ዘመን የተጀመረው የኤችአይቪ ፕሮግራም ነው። በዚያን ጊዜ አገር ቤት የነበራችሁ የፔፕፋርን ትርጉም እኔ አልነግራችሁም። በየሰፈሩ ድንኳን የማይነሣበት፣ ሰው የሞተበትን በሽታ ስም በሹክሹክታ እንኳ የማይጠራበት ዘመን ነበር። ከዚያ መድኃኒቱ መጣ፤ አልጋ ላይ የነበረው ሰው ተነሥቶ ልጁን ትምህርት ቤት ሸኘ።

ያ 400 ሚሊዮን ዶላር ሊቆረጥ ቀርቦ ሳይቆረጥ ተረፈ። ያተረፉት ሴናተሮች ናቸው፤ ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የሆኑት ጭምር «ይህን አንነካም» ስላሉ ከረቂቁ ወጣ። የቀረው በሴኔት 51 ለ48፣ በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ213 አለፈ። ሦስት ድምፅ! አስቡት፤ ከዚህ አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ከሦስት ይበልጣል።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኮንግረስ የመደበውን ገንዘብ አላወጣም ብለው ስላስቸገሩ በ1974 አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር። በሕጉ መሠረት ፕሬዚዳንቱ የተመደበ ገንዘብ እንዲሰረዝ ከፈለጉ ኮንግረስን ይጠይቃሉ፤ ኮንግረሱ በ45 ቀናት ውስጥ ካልተስማማ ገንዘቡ መውጣት አለበት። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30 ነው። በ2025 ኦገስት መጨረሻ ላይ አስተዳደሩ 4.9 ቢሊዮን ዶላር የውጭ እርዳታ እንዲሰረዝ ጠየቀ። ቀኑን ቁጠሩት። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 30 አርባ አምስት ቀን አይሞላም። ኮንግረስ ዝም ቢል፣ ቢከራከር፣ ለስብሰባ ቢዘገይ፣ ቀኑ ራሱ ገንዘቡን ይበላዋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሴፕቴምበር 26 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ እንደተያዘ እንዲቆይ ፈቀደ። ከአራት ቀን በኋላ የበጀት ዓመቱ ተዘጋ።

ስለዚህ እህቴ፣ ጥያቄሽን በዚያን ቀን እንዲህ መመለስ ነበረብኝ። ያዘዙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። የካዝናው ቁልፍ ግን በምክር ቤቱ እጅ ነው፤ ቁልፉን አጥብቀው የያዙ አሉ፣ እያዩ የለቀቁም አሉ። ከእነርሱ ሁለቱ የአንቺው የሜሪላንድ ሴናተሮች ናቸው፣ አንዱም የአንቺው ወረዳ እንደራሴ። የያዘውን ማመስገን፣ የለቀቀውን መጠየቅ ይቻላል።

እርዳታ ለዘለዓለም ይቀጥል የምል ሰው አይደለሁም። በ2023 ለተራበ ሕዝብ የተላከ እህል እየተሰረቀ በመገኘቱ ዩኤስኤአይዲ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ለወራት ሲያቆም አፍሬአለሁ፤ ያፈርኩት በሰራቂዎቹ ነው። አገራችን ራሷን ትመግብ፣ ነርሶቿን ራሷ ትቅጠር የሚለውን ሰው ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን መድኃኒት በመሃል አይቆረጥም። ቀን ተቆርጦ፣ ተተኪ ተዘጋጅቶ፣ በሽተኛው ወዴት እንደሚሄድ ተነግሮት የሚደረግ ነገር ሌላ ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ልጅ ሆኜ ግቢያችን ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ዘይቱ ካለቀ ዘመን የለውም፤ እናቴ ጤና አዳም ተክላበት ነበር። ዝገት የበላው ጎኑ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ሥዕል ይታያል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ፊደል ስቆጥር ቆርቆሮውን ወደ ብርሃን አዙሬ ቃል በቃል አነበብኩት፤ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ ነው ይላል። የአሜሪካ ሕዝብ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቀኝ እጄን አንሥቼ ለዜግነት ስምል ያ ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁም ምላችኋል፤ በየዓመቱ ግብር ትከፍላላችሁ። ላኪው ሲጠራ እኛም አብረን እንጠራለን።

አቅም የለንም የሚለኝ ሰው አለ። ኮሎራዶ ኦሮራ ያሉ ወገኖቻችን ያደረጉትን ልንገረው። እነርሱ የእንደራሴያቸውን የማይክ ኮፍማንን በር ደጋግመው አንኳኩ። ኤችአር 128 የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀው የውሳኔ ሐሳብ በኤፕሪል 10 ቀን 2018 ያለ ተቃውሞ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሕግ አልነበረም፤ ማንንም አያስገድድም። ቢሆንም የታክሲ ሾፌርና የሆቴል ሠራተኛ ተሰብስቦ የአገሩን ስም በዚያ አዳራሽ አስጠርቷል።

በ2021ም ሌላ ነገር አየን። በጦርነቱ ምክንያት ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው የንግድ ዕድል፣ እንደሚያስወጡ ያሳወቁት በኖቬምበር 2 ነበር። ያ ቀን እዚህ ቨርጂኒያ የገዥ ምርጫ ቀን ነበር። በፖሊሲው የተቆጡ ወገኖች ለሪፐብሊካኑ ለግሌን ያንግኪን ድምፅ እንስጥ ብለው ሲቀሰቅሱ ሰንብተዋል። ሌሎች ወገኖቻችን ደግሞ በዚያው ጊዜ ማዕቀቡ ይጥበቅ ብለው በዋሽንግተን ጎዳናዎች ተሰልፈው ነበር። የሁለቱም ወገን ድምፅ በፕሮግራማችን ተሰምቷል፤ ከሁለቱም በኩል ቤተሰብ የሞተባቸው ደውለውልኛል። ያን ዓመት ሳስበው አሁንም ያመኛል። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። አጎዋ ሲቋረጥ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራዋን ያጣችውን ልጅ ማንም የየትኛው ወገን ነሽ ብሎ አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲህ ሰልፉም ስልኩም ቀዘቀዘ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሕዳሴ ግድብ በአሜሪካ ገንዘብ ተሠራ ብለው ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግረዋል። ግድቡ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ተመርቋል፤ ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝናና ከሕዝብ ኪስ ወጥቷል። ቦንድ የገዛችሁ እዚህ አላችሁ፤ ሰነዱ በየመሳቢያችሁ ተቀምጧል። ስንቶቻችን ነን የዚያን ሰነድ ቅጂ ይዘን እንደራሴያችን ቢሮ ሄደን፣ ለውጭ ጉዳይ አማካሪው «ይኸው፣ ይህን የከፈልኩት እኔ ነኝ» ያልን? በስልክ ተናደን አውርተን ዘጋን። እኔም አብሬአችሁ ተናድጄ ወደ ሙዚቃ ሄድኩ።

የጦርነት ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለኮንግረስ ቢሰጥም፣ ምክር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጀው በ1942 ነው። በጁን 2025 አሜሪካ የኢራንን የኒውክሌር ተቋማት ከመታች በኋላ የዚህችው ግዛት ሴናተር ቲም ኬን ያቀረቡት፣ ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ጦርነቱ እንዳይቀጥል የሚጠይቅ ሐሳብ 47 ለ53 ወደቀ። ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ስም በስም ተመዝግቦ ይገኛል። ማንም ማንበብ ይችላል።

እንግዲህ በኖቬምበር 3 ቀን 2026 የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከሴኔቱም ሲሦው ያህል ለምርጫ ይቀርባል። ማንን ምረጡ አልላችሁም፤ ያን ያልኩ ቀን ማይክሮፎኑን ማስቀመጥ ይኖርብኛል። ፕሮግራማችን ግን ይለወጣል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አንድ ፖሊሲ ባነሣን ቁጥር የየትኛው ኮሚቴ ጉዳይ እንደሆነ፣ ድምፅ የሚሰጥበት ቀንና የእኛ አካባቢ እንደራሴዎች ባለፈው ጊዜ የሰጡት ድምፅ ይነበባል። እንግዶቻችንም «ይህን የወሰነው ማን ነው?» ለሚል አድማጭ ከአንድ በላይ ስም ይዘው እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ፤ እሺ ብለውኛል።

ያቺን እህታችንን ፈልጌ አገኘኋት። ይቅርታ ጠይቄ ስሞቹንና ቁጥሮቹን ሰጠኋት። ባለፈው ወር መልሳ ደወለችልኝ። ቢሮው ስልክ ያነሣው ወጣት ልጅ ነበር አለች። የምትኖርበትን አካባቢ የፖስታ ቁጥር ጠየቃት፣ ነገረችው። ስለ እህቷና ስለ ጤና ጣቢያው በምታውቀውም በማታውቀውም እንግሊዝኛ አስረዳችው። ልጁ ሳያቋርጣት ሰማ። ከዚያም የከተማዋን ስም እንድትደግምለት ጠየቃት፤ እርሷም ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል አስጻፈችው።