ከማሰሮው ሥር የሚወርደው

የተከበራችሁ የችግኝ አፍዪዎች ማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ዓመቱን ሙሉ ስናማርር ከርመናል። ዛሬ የማነሳው ከፍለንበት ስለሚያመልጠን ነው። በፕላስቲክና በማሰሮ የምናፈላው ችግኝ ያለው አፈር አንድ ሁለት ጭብጥ ቢሆን ነው። ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ናይትሬት የተባለ የናይትሮጅን ዓይነት ደግሞ አፈር አይይዘውም፤ ውኃው በወረደበት ይወርዳል። ከቦይ ወንዝ፣ ከወንዝ ሐይቅ ይገባል። የባቱ ከተማ ነዋሪ የሚጠጣው ከዝዋይ ሐይቅ ተቀድቶ ነው።

ከምናጠጣው 10 ሊትር ከሥር መውረድ ያለበት ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። በዓይን ግን ማን ይለካዋል? ይህን የሚለካልን አዲሱ መሣሪያ ከማሰሮዎቹ ሥር በሚቀመጥ ሳህን ውኃውን ይሰበስባል፤ እንደ ዝናብ መለኪያ ሁለት ማንኪያ አለው፣ አንዱ ሞልቶ ሲገለበጥ ሌላው ይተካል። በተገለበጠ ቁጥር «ቀጭ» ይላል፣ ይቆጠራል። ጎኑ ያለው ሴንሰር በውኃው የሟሟውን ጨው በኤሌክትሪክ ይለካል፤ ናይትሬትም ከነዚህ ጨዎች አንዱ ነው።

እኔ ጋ ስንሞክረው አምስት ቀን ሙሉ ዜሮ አነበበ። እሰይ ብዬ ሠራተኞቹን አመሰገንኩ። በስድስተኛው ቀን ቱቦውን ብንፈታው በአፈርና በጉንዳን ተደፍኗል፤ ውኃው ለካ በሳህኑ ጠርዝ ይፈስ ኖሯል።

ከዚህ የሚብሰው የዩሪያው ነገር ነው። ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ በውኃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ወደ አሞኒየምና ናይትሬት ሳይለወጥ ከወረደ ሴንሰሩ ንጹሕ ውኃ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጨዋማ የጉድጓድ ውኃ የምታጠጡ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል፤ መጀመሪያ የጉድጓዱን ለክታችሁ ከሚወርደው ላይ ቀንሱ።

ያም ሆኖ ወድጄዋለሁ። እኛ ጋ ጎማ ይዞ የሚያጠጣው ልጅ ድሮ መሬቱ እስኪጨቀይ ነበር የሚያጠጣው። ዛሬ ሦስተኛውን «ቀጭ» ሲሰማ ጎማውን ወደ ቀጣዩ መደብ ያዞራል። ስክሪኑን ዞር ብሎም አያየው።

መሣሪያው ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ተተክሏል። ሁለት ጀሪካን ውኃም አዘጋጅተናል፤ በአንደኛው ዩሪያ በጥብጠንበታል። ከሻይ በኋላ የትኛው እንደሆነ በሴንሰሩ ፈልጉ፤ ያገኘ ካለ ምሳ በኔ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።