ዝሆን ታሞ እስኪታይ አይጠበቅም
(ቢሾፍቱ ለእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ክቡራን መምህራኖቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ከዚህ ግቢ ስመረቅ በእጄ ነክቼ የማውቀው ትልቁ እንስሳ የቦረና በሬ ነበር። ዛሬ የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ የእንስሳት ማቆያ ነው። ጠዋት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ የዝሆን ጥፍር ማየት ነው። ከቡና በፊት ማለት ነው።

ስለ ዝሆን ሕክምና እንድነግራችሁ ስትጠይቁኝ ብዙ አሰብኩ። እዚህ ያለነው ሰዎች ነገ የምናክመው ላም፣ በግ፣ ግመል፣ አህያ ነው። ዝሆን ምን ያደርግላቸዋል አልኩ። ኋላ ግን ዝሆን ያስተማረኝ ነገር ለላምም ለአህያም እንደሚሆን ገባኝ። ነገሩ ይኸው ነው፦ በእጃችን ያለ እንስሳ ታሞ እስኪታይ መጠበቅ የለብንም። እኛ ባለሙያዎቹ ይህን የተማርነው ብዙ የዝሆን ግልገሎች ቀብረን ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከኩማሪ ልጀምር። ኩማሪ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ የተወለደች የእስያ ዝሆን ነበረች። በ1995 ገና 16 ወሯ ነበር። ድንገት ታመመችና ሞተች። አስከሬኗ ሲመረመር ውስጧ በየቦታው ደም ፈሶ ተገኘ። የማቆያው የፓቶሎጂ ባለሙያ ላውራ ሪችማን የደም ሥሮቿን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የሄርፒስ ቫይረስ ምልክት ተመለከቱ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ለዓመታት ተከታትለው በ1999 ውጤቱን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ቫይረሱ የዝሆን ኢንዶቴሊዮትሮፒክ ሄርፒስ ቫይረስ ተባለ። እኛ በሥራ ላይ ኢ.ኢ.ኤች.ቪ. ነው የምንለው።

ኢንዶቴሊየም ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የደም ሥርን ከውስጥ የሚሸፍነው ያ ስስ ነገር ነው። ቫይረሱ የሚያጠቃው እሱን ነው። ሽፋኑ ሲጎዳ የደም ሥሩ እንደተሰነጠቀ እንስራ ያፈስሳል። ራሱ፣ አንገቱ፣ ኩምቢው ያብጣል። ምላሱ ይጠቁራል። ልብ ላይ ደም ይፈስሳል። እነዚህን ምልክቶች ስታዩ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ጠዋት ሲሯሯጥ የነበረ ግልገል በማግስቱ ላይኖር ይችላል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ማቆያዎች የእስያ ዝሆን ግልገሎችን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ይህ በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እነ ሪችማን ሌላም ነገር አደረጉ። ከዚያ በፊት ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞቱ ዝሆኖችን ናሙና ከተቀመጠበት አስወጥተው መረመሩ። ቫይረሱ እዚያም ተገኘ። እስቲ ያንን ናሙና ያስቀመጠውን ሰው አስቡት። ግልገሉ ሞቷል። ምን እንደገደለው አያውቅም። ደክሞታል፣ አዝኗል። ያም ሆኖ ቁራሽ ሥጋ ቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ ከተተ፣ ቀን ጻፈበት፣ መደርደሪያ ላይ አኖረው። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ኩማሪ የመጀመሪያዋ ሟች ትመስለን ነበር። እኔ ሥራ ሲሰለቸኝ የማስበው እሱን ነው።

መጀመሪያ ላይ የተሳሳተም ግምት ነበር። ቫይረሱ የአፍሪካ ዝሆን ነው፣ የእስያን ዝሆን የሚገድለው ከዚያ ተሻግሮ ነው ተባለ። ሁለቱ ዝርያዎች አንድ ላይ በመኖራቸው የመጣ ነው የተባለ ብዙ ነበር። ኋላ ላይ ጤነኛ የእስያ ዝሆኖች ኩምቢያቸው በውሃ ታጥቦ ሲመረመር ቫይረሱ ከራሳቸው ተገኘ። ድሮም የራሳቸው ነው። አዋቂዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውት ይኖራሉ። ግልገሉ ከእናቱ ያገኘው የመከላከያ አቅም እየቀነሰ ሲመጣ፣ የራሱ ደግሞ ገና ሳይጠነክር፣ ያን ጊዜ ነው አደጋው። የአፍሪካ ዝሆኖችም የየራሳቸው ዓይነት አሏቸው። በ2019 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ሁለት ወጣት የአፍሪካ ዝሆኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሽታው የማቆያ ብቻም አይደለም። ሕንድ ጫካ ውስጥም ግልገል ይገድላል።

ታዲያ ምን እናደርጋለን? ደም እንወስዳለን። ግልገሉ ቢታመምም ባይታመምም፣ በየሳምንቱ። ከጆሮው ጀርባ ካለው ሥር ትንሽ ደም ቀድተን በፒ.ሲ.አር. (የቫይረሱን ዘረመል አብዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ቫይረሱን እንፈልጋለን፣ ነጭ የደም ሴሉንና ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት እንቆጥራለን። ደሙ ከዓይናችን ቀድሞ ይናገራል። ግን ግልገሉ እንቢ ካለ ሦስት ወጠምሻ ሰው ተረባርቦ አይዘውም። ስለዚህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮውን በአጥሩ ክፍተት በፈቃዱ እንዲሰጥ እናስተምረዋለን። በሙዝ፣ በስኳር ድንች፣ በማባበል። እኔ ላም በገመድ ጥሎ ማሰር ነበር የተማርኩት። እንስሳ ለምኖ ማከም የሚባል ነገር እዚያ ነው ያየሁት።

የማልረሳው አንድ ቀን አለ። አርብ ነበር። አንድ የ3 ዓመት ወንድ ግልገል ነበረን። አሸዋ ላይ ሲንከባለል አየሁትና ደህና ነው ብዬ ልሄድ ተነሳሁ። የሚንከባከቡት ሴትዮ ግን «ስኳር ድንቹን አጋምሶ ተወው» አሉኝ። 20 ዓመት ከዝሆን ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ትቶ አያውቅም አሉኝ። ደም ወሰድን። ፕላትሌቱ ወርዷል፣ ቫይረሱ ደሙ ውስጥ አለ። ያን ሌሊት ፋምሲክሎቪር የሚባለውን የሄርፒስ መድኃኒት በፊንጢጣው ሰጠነው፣ ፈሳሽም እንዲሁ። ከአዋቂ ዝሆን ተወስዶ በረዶ ቤት የተቀመጠ ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ አቅልጠን በደም ሥሩ አስገባንለት። ለሁለት ሳምንት ያህል ተራ ገብተን አደርን። ዳነ። ዛሬ ከእኔ ይረዝማል። ያዳነው ግን የኔ ዲግሪ አይደለም። የሴትዮዋ ዓይን ነው። እናንተም ገጠር ስትወጡ እረኛው «ዛሬ ላሟ ሌላ ሆነችብኝ» ሲላችሁ፣ እባካችሁ ቴርሞሜትሩን ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ጨርሳችሁ ስሙት።

አሁን ወደ እግር ልምጣ። በቋንቋችን እግር የሚያሳብጠውን በሽታ «ዝሆኔ» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ የሚይዘው በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሄደውን ገበሬ ነው። በማቆያ ያለው ዝሆን ደግሞ እግሩን የሚታመመው አፈር አጥቶ ነው። ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ስሙ ከነከነኝ።

የዝሆን እግር ከላይ ሲታይ ምሰሶ ይመስላል። ውስጡን በኤክስሬይ ስታዩት ግን ዝሆኑ በጣቱ ጫፍ የቆመ ነው የሚመስለው። ከጣቶቹ ኋላ ስብ የሞላው ትራስ አለ። 3,000 ኪሎ የምትመዝን ዝሆን ድምፅ ሳታሰማ የምትራመደው በእሱ ነው። የውስጥ እግሩ ቆዳም ጥፍሩም ሁልጊዜ ያድጋሉ። ጫካ ውስጥ መንገዱ ይሞርደዋል። ሲሚንቶ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ዝሆን ግን አይሞረድም። ጥፍሩ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ሽንትና እበት ይገባል፣ ይመግላል። መግሉ አጥንት ከደረሰ በኋላ መድኃኒት መስጠት ትችላላችሁ፤ ማዳን ግን ይከብዳል። መገጣጠሚያውም ይታመማል። በማቆያ ያሉ አዋቂ ዝሆኖች ሥቃይ በዝቶባቸው በሐኪም እጅ እንዲያርፉ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ እግር ነው። ያ መርፌ በእኔም እጅ ተወግቷል። ስለሱ ብዙ አላወራም።

መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም። ወለሉን ሲሚንቶ ሳይሆን ጥልቅ አሸዋ ማድረግ፣ ምግቡን በአንድ ቦታ ከመከመር ይልቅ ፈልጎ እንዲሄድ መበታተን፣ ክብደቱን መቆጣጠር፣ ጥፍሩን በየጊዜው መሞረድ። ወጪው ግን ቀላል አይደለም፤ ብዙ ቦታ የዘገየውም በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ቁጥር ልጥቀስ፤ መደበቅ ስለማልፈልግ ነው። በ2008 አንድ ጥናት ወጣ። በአውሮፓ ማቆያዎች የተወለዱ ሴት የአፍሪካ ዝሆኖች መካከለኛ የዕድሜ ርዝመት (ግማሾቹ ከዚያ በፊት የሚሞቱበት) 16.9 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ በተፈጥሮ ሞት የሚሞቱት ግን 56 ዓመት። ብዙ ባልደረቦቼ ተቆጡ። መረጃው የድሮ አያያዝን ነው የሚያሳየው አሉ። እውነትነት አለው፣ አያያዙ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። እኔ ግን ከተቆጡት ጋር አልቆምም። ያ ቁጥር ባይወጣ ሲሚንቶው ዛሬም እዚያው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ በአጭሩ ልበል፤ እናንተን በቀጥታ ስለሚነካ። ከ1994 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ የእንስሳት እርባታ ሦስት ዝሆኖች በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። የከብቱ ዓይነት አይደለም፣ የሰው ነው። 22 ሠራተኞች ሲመረመሩ 11ዱ ባክቴሪያው እንደተላለፈባቸው በቆዳ ምርመራ ታየ። አንዱ ታሟል። ሰው ለዝሆን፣ ዝሆን ለሰው። የምንመረምረው እንዲህ ነው፦ 60 ሚሊ ሊትር ያህል የጨው ውሃ ኩምቢው ውስጥ እንጨምራለን፣ ዝሆኑ ኩምቢውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ ወደ ላስቲክ ከረጢት ይነፋዋል። በሦስት የተለያዩ ቀናት። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እስኪበቅል ደግሞ ሁለት ወር ያህል መጠበቅ ነው። እኛም ሠራተኞቹ በየዓመቱ እንመረመራለን። እንስሳውን ከእኛ መጠበቅም የሥራው አካል ነው።

አሁን ወደሚያስደስተኝ ነገር። ለኢ.ኢ.ኤች.ቪ. ክትባት ለመሥራት ለዓመታት ተለፍቷል። ቫይረሱ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አላድግ ብሎ አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ ቫይረሱን አሳድጎ አዳክሞ መስጠት የሚባለው የምናውቀው መንገድ ተዘጋ። ሂውስተን ውስጥ የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከከተማው የእንስሳት ማቆያ ጋር ሆነው በኤም.አር.ኤን.ኤ. (ሰውነት የቫይረሱን ቁራጭ ራሱ እንዲሠራ መመሪያ በሚሰጥ ክትባት) ሞከሩ። ሰኔ 2024 ቴስ የምትባል የ40 ዓመት ዝሆን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች። እንግሊዝ ውስጥ የቼስተር ማቆያና የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሌላ መንገድ የሠሩትን ክትባት በአዋቂ ዝሆኖች ላይ ሞክረው፣ የመከላከያ ሴሎቻቸው እንደተነሳሱ በ2025 አሳውቀዋል። ግልገሎቹን ከሞት ያድናል ወይ የሚለው ገና በጊዜ የሚታይ ነው። ቸኩላችሁ አታጨብጭቡ።

ግን ተስፋ አለኝ። ምክንያቱም እኔ ከዚህ አገር ነኝ። አያቶቻችን «ደስታ» የሚሉት የከብት በሽታ ክፉ ቀን አምጥቶ አገር አራቁቷል። አፋር በረሃ ድረስ ክትባት ይዘው የሄዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በ2008 ኢትዮጵያ ከዚያ በሽታ ነፃ ተባለች። በ2011 ዓለም በሙሉ። በክትባት በሽታ ከምድር ሊጠፋ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ብፈልግ፣ ከእናንተ መምህራን የተሻለ የት አገኛለሁ?

አንድ ልመና አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በማቆያ የሚኖሩ ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶች አሉ። በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ እርስ በርስ የተዛመዱ ናቸው። ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ያጣ ካለ፣ እነሱን ይመልከት። ጥርሳቸውን፣ ኩላሊታቸውን፣ ክብደታቸውን። አንዱ ቢሞት ናሙናው ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ።

ጨረስኩ። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ የዝሆን እግር ኤክስሬይ ፊልሞችና በጂፕሰም የተሠራ የአንድ ግልገል እግር ቅርጽ አስቀምጫለሁ። የተሰነጠቀው ጥፍር በግራ በኩል ሦስተኛው ነው። መጥታችሁ በእጃችሁ ንኩት።