ሁለቱም እኩልታዎች ይጠየቁ
ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው መልስን መልሶ ስለማረጋገጥ ነው።

ሁለት መስመራዊ እኩልታዎች አሉን እንበል። አንደኛው፦ ሁለት ጊዜ ኤክስ ሲደመር ዋይ 9 ይሆናል። ሁለተኛው፦ ኤክስ ሲቀነስ ዋይ 3 ይሆናል። አንድ ሰው «መልሱ 4 እና 1 ነው» ቢለን፣ ገምቶም ይምጣ ከግራፍ ላይ አንብቦ፣ ለማረጋገጡ ለውጥ የለውም። በኤክስ ቦታ 4፣ በዋይ ቦታ 1 እንተካለን። 8 ሲደመር 1፣ 9። 4 ሲቀነስ 1፣ 3። ሁለቱም ልክ መጡ፤ ጥንዱ መፍትሔ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፤ 1 እና 4 ብንል አንደኛው 6 ይሰጠናል።

ይህን ሥራ የምወደው ዳኝነቱን ለተማሪው ስለሚሰጠው ነው። ልክ መሆኑን ለማወቅ የመምህሩን ፊት ማየት አያስፈልገውም።

እስቲ ደግሞ 2 እና 5ን እንሞክር። 4 ሲደመር 5፣ 9። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። ሁለተኛው ግን 2 ሲቀነስ 5 ነው፤ ኔጌቲቭ 3። አልሆነም። ይህ ጥንድ ከየት መጣ? ከሁለተኛው እኩልታ «ዋይ ማለት ኤክስ ሲቀነስ 3» ብሎ ማውጣት ሲገባው «ሲደመር 3» ያለ ሰው፣ ያንን አንደኛው ውስጥ ሲተካ በቀጥታ 2 እና 5 ላይ ይደርሳል። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ አንደኛው እኩልታ ስህተቱን ሳያይ ያሳልፈዋል። ተማሪው ራሱ ያወጣው እኩልታም ያሳልፈዋል፤ 5 እኮ 2 ሲደመር 3 ነው! የሚይዘው ጥያቄው ላይ እንደተሰጠ የተቀመጠው ሁለተኛው እኩልታ ብቻ ነው። ስለዚህ ማረጋገጥ ስል፣ በተሰጡት እኩልታዎች፣ ያውም በሁለቱም ማለቴ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ማረጋገጥ ጥንዱ ብቸኛው መፍትሔ መሆኑን አይነግረንም። በሁለተኛው ምትክ አራት ጊዜ ኤክስ ሲደመር ሁለት ጊዜ ዋይ 18 ይሆናል ብንል፣ 4 እና 1ም፣ 2 እና 5ም ያልፋሉ። ያመጣነው አንደኛውን በ2 አባዝተን ነዋ! ሁለቱ አንድ መስመር ናቸው፤ መፍትሔያቸው ማለቂያ የለውም።

እኔ ብሆን መፍታትን ከማስተማሬ በፊት ማረጋገጥን አስተምር ነበር። መፍትሔ ምን እንደሆነ ያላወቀ ልጅ ምን ብሎ ይፈልጋል? አምስት ስድስት ጥንዶች ሰጥቼ የትኛው ሁለቱንም እንደሚያሟላ ራሱ እንዲለይ አደርገዋለሁ። ከእነሱም መካከል አንዱን አሟልቶ ሌላውን የሚስት፣ 2 እና 5ን የመሰለ ጥንድ እንዳይጠፋ።