እኔ ግን አልገባባትም

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። «ሸጌ እንዴት ሆነች?» እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ ዝም ያልኳችሁ የምመልሰው ስለሌለኝ ነው። ሸጌ፣ ቮልስ መኪናዬ፣ ጋራዥ ናት። መካኒኬ ጋሼ ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

አደጋው ሐረጎ ላይ መሆኑን ሰምታችኋል። ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ እስኪደረስ በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ያውም ኩርባ በኩርባ። ጉም ነበር፣ የክረምት ጉም። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እየወረድኩ ነው። እማዬ አጠገቤ ሙስበሃዋን እየቆጠረች። ከታች የሚመጣ አንድ ተሳቢ ሌላውን ሊቀድም እኔ መስመር ውስጥ ገባ። መኪናውን እንኳ አላየሁትም፣ መብራቱን ነው ያየሁት። በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ። መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዝኩት።

እሷን ሰከንድ ነው ደጋግሜ የማያት። ቦዩን ስንዘል፣ ግንቡ ሲመጣ፣ እማዬ «ያረቢ» ስትል። አልጮኸችም እኮ። ለሰው እንደሚነገር ነገር፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ድምፁ... ከዚያ ፀጥታ። ከዚያ የቤንዚን ሽታ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ነዳጇ ከፊት ነው፤ ከጉልበታችን ፊት ለፊት ማለት ነው። ሽታው ሲመጣ እጄ የእማዬን በር ፈልጎ አጣው።

የከፈቱት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው እማዬን አለበሷት፤ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሉኛል፣ እኔ ምንም ሳልሆን። ተሳቢው አልቆመም። አላህ ይስጣቸው፣ ቡና አፍልተው ነው የሸኙን። ቤታቸውን ደግሜ ሄጄ ማመስገን አለብኝ፣ እስካሁን ያልሄድኩት በዚያ መንገድ መውረድ... እሺ፣ እሱን ልተወው።

ጋሼ የፊቱን ኮፈን በዲጂኖ ፈልቅቆ ከፈተውና ስኮርት ጎማውን፣ ትርፉን ጎማ፣ አሳየኝ። ቸርኬው ለሁለት ታጥፏል። «ምቱን መጀመሪያ የተቀበለችላችሁ ይቺ ናት» አለኝ። ፓራፋንጎው፣ ፓራውልቱ፣ ፋኖሶቹ ችግር የለም፤ ይገኛል፣ ላሜራ ይመታል፣ ስቱኮ ይገባል፣ ቀለም ይቀባል። ሸጋ ሆና ትወጣለች። እሱን የሚያስጨንቀው ከስር ያለው ነው። የፊት አክስሉ የሚታሰርበት የሻንሲው (መኪናዋን ከስር የሚሸከመው ብረት) ጫፍ ተጣሟል ብሎ ይጠረጥራል። እሱ ከተጣመመ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ እንኳ መኪናዋ ወደ ጎን ትሄዳለች፣ ጎማ ትበላለች፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዢ ትስባለች። አክስሉን ፈትቶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሰያፍ ገመድ ዘርግቶ ይለካል። ሁለቱ ልኬት እኩል ካልመጣ...

ወንድሜ «ለመለዋወጫ ሽጫት» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሞተሯ ምንም አልሆነም፣ ፈላጊ ሞልቷል። ያለን መድን ደግሞ የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ የሌላውን ጉዳት እንጂ የራስን መኪና አያሠራም። ሌላ ቦዲ ማምጣትም ይቻላል። ቮልስ ቦዲዋ ሻንሲው ላይ በብሎን ነው የሚታሰረው፣ አንስቶ መቀየር ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ስር ሻንሲው ላይ ተመትቷል፤ ስለዚህ ቦዲው ቢቀየርም በወረቀት ያው ሸጌ ናት። ግን እኮ የተጎዳው ራሱ ሻንሲው ነው! እዚህ ስደርስ ሁሌ ይደበላለቅብኛል።

ደግሞ የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ አይሠራም። የሚጣለው ሁሉ ከተሠሩት ላይ እየተቀነሰ ነው። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለጋሼም፤ ሲነካካት አይቼዋለሁ።

ግን ዛሬ ማይክ ያስከፈተኝ ይሄ ሁሉ አይደለም። እማዬን ጠየቅኋት። ቡና እየወቀጠች ነበር። «ትሠራ ወይስ ትሸጥ?» አልኳት። ቀና እንኳ ሳትል «ትሠራ እንጂ! ነፍሳችንን ያተረፈችን ለቁራሌው ልትሰጫት ነው?» አለች። ደስ አለኝ፣ ወላሂ፣ ልቤ ሞላ። ጋሼ ጋ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ ሙቀጫውን አስቀመጠችና፣ «እኔ ግን አልገባባትም» አለችኝ።

ምን ልበል? ሸጌን የምፈልጋት እኮ... ሐይቅ ስንሄድ፣ ለቅሶ ስንደርስ፣ ያ ወንበር የእማዬ ነው። «ትለምጂዋለሽ» ልላት አሰብኩና አፌ እምቢ አለ። የፈራችው መኪናዋን ነው፣ መንገዱን ነው፣ ወይስ የኔን መንዳት? እሱን አልጠየቅኋትም። ልጠይቅም አልፈልግም መሰለኝ።

ጋራዥ ሄጄ ምንጣፏን ሳነሳ የሙስበሃዋን ፍሬዎች አገኘሁ፤ ተበጥሶ ስሩ ተበትኖ። ሰብስቤ ሰጠኋት፣ ክር አስገባችላቸው፣ እየቆጠረችበት ነው። ስለዚህ ምናልባት... አይ፣ ሙስበሃ ሌላ፣ መኪና ሌላ።

ጋሼ ቅዳሜ ይለካል። ልኬቱ እኩል ከመጣ ትሠራለች ብዬ ነበር፤ ለሱም ነግሬዋለሁ። አሁን ግን እኩል ቢመጣስ እላለሁ። ቀጥ ብላ፣ ቀለሟ ታድሶ ብትወጣ፣ የጎን ወንበሩ ባዶ ሆኖ እኔ ብቻዬን ወደየት ነው የምነዳት? ወንድሜን ላስቀምጥ? እሱ እንደሆነ ከአሁኑ... ቆይ፣ ጋሼ ነው የሚደውለው፣ ላንሳለት።