በሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች

ክቡራን እንግዶች፣ በቅርቡ ለሰላም ማስከበር የምትሰማሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 የላይቤሪያ ተፋላሚዎች በጋና ዋና ከተማ አክራ ለሳምንታት ሲደራደሩ በዋና ከተማቸው ሞንሮቪያ ላይ ጥይት ይዘንብ ነበር። አንድ ቀን ሴቶች መጡና አዳራሹ በር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁጭ አሉ። ስምምነት ሳይደረስ የሚወጣ ተደራዳሪ የለም አሉ። ጥበቃዎች መሪያቸውን ሌይማ ቦዊን ሊይዟት ሲመጡ ልብሷን ልታወልቅ ተነሳች፤ እናት ራሷን ስታራቁት ማየት በዚያ አካባቢ እርግማን ነውና ጥበቃዎቹ አፈገፈጉ። ስምምነቱ ኦገስት 18 ቀን ተፈረመ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በኦክቶበር ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ በተባበሩት መንግሥታት ሥር መለዮ ለብሰው ለሰላም ማስከበር ከሄዱት መካከል ሴቶች ስንት ነበሩ? ከ1957 እስከ 1989 ባሉት 32 ዓመታት 20 ብቻ። የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላምና ጸጥታ ሥራ እንዲሳተፉ የሚጠይቀውን ውሳኔ 1325ን ያጸደቀው በ2000 ነው። ከዚያ ወዲህ ህንድ በ2007 ሴቶች ብቻ ያሉበት የፖሊስ ኃይል ወደ ላይቤሪያ ልካለች፤ በ2014 ደግሞ ኖርዌያዊቷ ሜጀር ጀነራል ክሪስቲን ሉንድ ቆጵሮስ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ጦር በማዘዝ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። ያም ሆኖ በወታደራዊ ጓዶች ውስጥ እስከ 2028 ይደረስበታል ተብሎ የታቀደው የሴቶች ድርሻ እንኳ 15 በመቶ ነው።

ፍተሻ ኬላ ላይ ልጅ ያዘለች እናት ስትደርስ ወንድ ወታደር እጁን ሊሰነዝርባት አይገባም። ወይ ሳትፈተሽ ታልፋለች፣ ወይ ትዋረዳለች። ሴት ወታደር ካለች ግን ፍተሻው በደቂቃ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜም ጨዋታ ይከተላል፦ የቱ መንገድ እንደሚያስፈራ፣ ትናንት ማታ መንደሩን እነማን እንደዞሩት። ይህን ለወንድ አትነግረውም።

ይቺው ወታደር ግን ስንት ጊዜ ለወንድ ደረት የተሰፋ ጥይት መከላከያ ለብሳ ቆማለች! ብብቷ ሥር ክፍት ነው፤ ስታነጣጥር ትከሻዋን ይይዛታል። የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ፣ መንገዱም መብራት ስለሌለው ከመሸ ውሃ አትጠጣም። ቅኝት ሲወጣ «አንቺ ቢሮ ቅሪ» ትባላለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በሪፖርቱ ላይ ግን ተቆጥራለች።

ሴቶች ሲበዙ የወንዶቹ ሥነ ምግባር ይስተካከላል ሲባልም እሰማለሁ። ይህን ሸክም በእሷ ላይ አትጫኑ። ሊጠብቃት የተላከላትን ሴት የሚደፍር ወታደር ቢኖር ተጠያቂዎቹ እሱና አዛዡ ናቸው።

ስለዚህ አዛዦች፣ ከመሰማራታችሁ በፊት የሴቶቹን ልክ አስለኩ። የካምፑ ንድፍ ሲሠራ ጠይቋቸው። የመጀመሪያው ቅኝት ሲወጣም ስማቸው ከተሰላፊዎቹ መካከል ይኑር።

አመሰግናለሁ።