ከሐረጎ በላይና በታች፦ ኃይል፣ ዕድገትና የቦርከና ውሃ

[ምስል፦ ንጋት፤ የጦሳ ተራራ ግርጌ፤ በደሴ ጣሪያዎች ላይ የተጋደመ ጭስ]

ተራኪ፦ ይህ በንጋት ደሴ ላይ የምናየው ጭስ የፋብሪካ አይደለም፤ የእንጀራ ምጣድ ጭስ ነው። በሀገራችን ከሚፈጀው ጠቅላላ ኃይል ከአሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ገደማ የሚሆነው ዛሬም የሚገኘው ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር እሳቱ በየጎኑ ስለሚያመልጥ፣ ከተራራ በጀርባ ተሸክመው ያወረዱት እንጨት የሚሰጠው ሙቀት አብዛኛው እንጀራውን ሳያበስል ይባክናል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ዙሪያው የተዘጋው ምርጥ ምድጃ ግን ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

[ምስል፦ በድንጋይ ካብ ላይ የተለጠፈ ኩበት፤ በቅርብ]

ኩበቱን ጠጋ ብለን እንመልከተው። እበቱ በእጅ ተጠፍጥፎ ካቡ ላይ ይለጠፋል፤ ፀሐይ ሲመታው ጠርዙ ይነሣል፣ የጣቶቹም አሻራ እንዳለ ደርቆ ይቀራል። ማሳ ላይ ቢበተን ኖሮ ለአፈሩ ምግብ ይሆን ነበር፤ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ መሬቱም ያንኑ ያህል ይራቆታል፣ ገበሬውም የጎደለውን በማዳበሪያ ግዢ ለመተካት ይገደዳል። ትንሽ ኃይል የሚፈጅ ቤተሰብ አካባቢውን ትንሽ ይጎዳል ብሎ የሚነሣ ሰው፣ በወሎ ገጠር የሚያገኘው መልስ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ድህነት ራሱ ዛፍ ይቆርጣል፣ አፈርም ያቃጥላል።

[ምስል፦ ወጥቶ የሚወርድ ኩርባ ንድፍ]

ጂን ግሮስማንና አለን ክሩገር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1991 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ የአንዳንድ የአየር በካዮች መጠን ገቢ ሲያድግ መጀመሪያ እየጨመረ ሄዶ ኋላ እንደሚቀንስ አመለከቱ። በኢኮኖሚስቱ በሲሞን ኩዝኔትስ ስም የሚጠራው ይህ ኩርባ «አስቀድመን እንደግ፤ ጽዳቱ ይደርሳል» ለሚሉ ሰዎች መከራከሪያ ሆኖ ቆይቷል። ብሪታንያ ለምሳሌ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢኮኖሚዋ እያደገ የካርቦን ልቀቷን በግማሽ ያህል ቀንሳለች፤ ሕዝቧ ከሚለብሰው ልብስ ብዙው የሚነከረውና የሚሰፋው ግን ሌላ ሀገር ነው። እኛ ደግሞ ከሚሰፋባቸው ሀገራት አንዷ ነን።

[ምስል፦ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ፤ ሽቅብ የሚያቃስቱ የጭነት መኪናዎች]

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እንግባ። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከመመረቁ አስቀድሞም ከተማይቱ የጨርቃጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች መናኸሪያ ነበረች። የእነዚህን ፋብሪካዎች መኪናዎች የሚያዞረው መብራት ከሞላ ጎደል የወንዝ ውሃ ነው፤ ከሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚመነጭ ሲሆን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በካርቦን ረገድ ይህ የሚያኮራ ነገር ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ።

ነገር ግን የንጹሕ መብራት ፋብሪካ ንጹሕ ውሃ ያወጣል ማለት አይደለም። ቆዳ በክሮሚየም ይለፋል፤ ክር በቀለምና በጨው ይነከራል። ወደ ቦርከና ወንዝ በሚገቡት የኮምቦልቻ ጅረቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም ክሮሚየምና ዚንክን የመሳሰሉ ከባድ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል። ጭስ ምንጩ ሲቆም ነፋስ ይበትነዋል፤ ክሮሚየም ግን በወንዙ ወለል ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፤ የነፍስ ወከፍ ገቢ ስላደገ ከዚያ ተነቅሎ አይወጣም። ኩርባው በራሱ ጊዜ እስኪታጠፍ መጠበቅ ስሕተት ነው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

[ምስል፦ አረፋ የሚደፍቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ]

ጽዳቱም ራሱ ኃይል ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። በማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እንዲኖሩ አየር ሌሊትና ቀን በሞተር ሊነፋላቸው ይገባል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ ጄኔሬተሩም አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኘው ለምርቱ መስመር ነው። ስለዚህ ለአንድ ፋብሪካ የኃይል ፍላጎት ሲሰላ የማጣሪያው ሞተር ከስፌት መኪናው እኩል መቆጠር፣ መጠባበቂያ ኃይሉም ለሁለቱም መመደብ አለበት።

[ምስል፦ ከኮምቦልቻ በታች፤ የቦርከና ዳር፤ የሽንኩርት ማሳ]

ከከተማይቱ በታች፣ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ አቅጣጫ፣ ገበሬዎች በናፍጣ ሞተር ከቦርከና ውሃ እየሳቡ አትክልት ያጠጣሉ። አየር የሚነፋው ሞተር በቆመበት ሌሊት ሳይጣራ የሚለቀቅ ፍሳሽ፣ በማግስቱ በዚህ ቱቦ ተስቦ ሽንኩርቱ ሥር ይደርሳል።